የድሮዋ ራቭ4 ሞተር፦ የመጽሐፉ ቁጥር ደሴ ላይ ሲመነዘር

የመጀመሪያዋ ቶዮታ ራቭ4 ሞተር 129 የፈረስ ጉልበት አለው ይባላል። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ልክ የሚሆነው ግን አየሩ ወፍራም በሆነበት፣ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ባላለ ቦታ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህች አጭር መንገድ 650 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል። እዚህ አካባቢ የፋብሪካውን መጽሐፍ እንዳለ መጠቀም የውጭ ገንዘብ ሳይመነዝሩ ገበያ እንደ መውጣት ነው። ቁጥሩ ካልተመነዘረ ጤነኛው ሞተር "አልቋል" ተብሎ ይወርዳል፤ የራዲያተር ክዳኑ የሞተበት መኪና ደግሞ "ምንም የለበትም" ተብሎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያስወጣው የሐረጎ ዳገት ላይ ይቆማል።

በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያረጀ ሞተር ሳይፈታ በፊት በደንብ መመርመሩ ይበልጥ ያዋጣል።

የትኛው ሞተር እንደሆነ መጀመሪያ ይለይ

ራቭ4 የመኪናዋ ስም እንጂ የሞተሩ ስም አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2000 የወጣችው የመጀመሪያዋ ትውልድ 3ኤስ-ኤፍኢ የሚባል ሞተር አላት። ሦስት በር የሆነችው ሻንሲ ቁጥሯ በኤስኤክስኤ10፣ አምስት በር የሆነችው በኤስኤክስኤ11 ይታወቃል። ከ2000 እስከ 2005 የወጣችው ሁለተኛዋ ትውልድ ግን አንድ ዓይነት አይደለችም። 1.8 ሊትሩ 1ዜድዜድ-ኤፍኢ የፊት ጎማ ብቻ የሚጎትቱት ላይ ይገኛል። ባለ 2.0 ሊትሩ 1ኤዜድ-ኤፍኢ ነው። በኋላ 2.4 ሊትሩ 2ኤዜድ-ኤፍኢ መጣ። ከአውሮፓ የገቡ ባለ ናፍጣም አሉ፤ ሞተራቸው 1ሲዲ-ኤፍቲቪ ይባላል።

የሞተሩ ስም ራሱ ይናገራል። የመጀመሪያው ቁጥርና ፊደል ቤተሰቡን ይነግራሉ፤ 3ኤስ ማለት የኤስ ቤተሰብ ሦስተኛው ማለት ነው። "ኤፍ" ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ) ያለው፣ ለኢኮኖሚ የተሠራ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) መሆኑን፣ "ኢ" ደግሞ ነዳጁ በኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን የሚረጭ መሆኑን ያመለክታሉ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተር ቁጥር ብሎኩ ላይ ከተቀረጸው ጋር ሳታመሳክሩ ዕቃ አትግዙ። ሞተሯ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ለ3ኤስ የተሠራ ጋስኬት 1ኤዜድ ላይ አይገጥምም።

ሲሲ፣ ስትሮክ፣ ኮምፕሬሽን

3ኤስ-ኤፍኢ 1,998 ሲሲ ነው። ከየት እንደመጣ ማስላት ቀላል ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 86 ሚሊ ሜትር፣ ፒስተኑ የሚመላለስበት ርቀትም 86 ሚሊ ሜትር ነው። የስፋቱ ግማሽ 4.3 ሴንቲ ሜትር በራሱ ተባዝቶ፣ በ3.1416፣ ከዚያም በ8.6 ሲባዛ አንዱ ሲሊንደር 499.6 ይሆናል። በአራት ሲባዛ 1,998 ይመጣል። ሲሊንደሩ ተልጦ በ0.50 ሚሊ ሜትር ቢሰፋና በልኩ ፒስተን ቢገባለት 2,021 ሲሲ ይሆናል፤ ጭማሪው ኢምንት ነው። "ሲሊንደሩ ስለተላጠ ጉልበት ጨመረ" የሚባለው እውነት የሚመስለው የተበላው ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) በአዲስ በመተካቱ ነው።

ኮምፕሬሽን ሬሾው 9.5 ለ 1 ነው። ፒስተኑ ታች ሲሆን ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ አየርና ቤንዚን ይይዛል፤ ላይ ሲደርስ ያ ሁሉ 59 ሲሲ በምትሆን ቦታ ይታመቃል። አንድ የቡና ስኒ እንኳ በደንብ አትሞላም። ይህ ሬሾ የብረቱ ቅርጽ ስለሆነ ደሴ ላይም ጅቡቲ ወደብ ላይም ያው ነው። የሚለያየው የሚታመቀው አየር መጠን ነው፤ ቀጥሎ ያለው ነገር ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው።

ጉልበቱ የት ገባ?

ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ አራት አምስተኛ። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ስላነሰ የሚያቃጥለው ነዳጅም ያንሳል፣ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። 3ኤስ በመጽሐፉ 129 የፈረስ ጉልበት በደቂቃ በ5,600 ዙር፣ 175 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የመጠምዘዝ ኃይል) በ4,600 ዙር ይሰጣል። ደሴ ላይ ግን ከ100 የፈረስ ጉልበት ብዙ ባልራቀና 130 ኒውተን ሜትር በሚሆን አስቡት። 1ኤዜድ በመጽሐፉ 150 የፈረስ ጉልበት እና 192 ኒውተን ሜትር በ4,000 ዙር ነው፤ ደሴ ሲደርስ 112 ገደማ ይሆናል። 1ዜድዜድ 125 የፈረስ ጉልበትና 161 ኒውተን ሜትር አለው፤ ሰው ሞልቶባት ሐረጎን ስትወጣ ከሁሉም የሚደክማት ይህችኛዋ ናት። 2ኤዜድ ቶርኩ 224 ኒውተን ሜትር ስለሆነ ሲቀነስበት እንኳ ይተርፈዋል። የናፍጣው ነገር ለየት ይላል፦ በመጽሐፉ 115 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው፤ ቶርኩ ግን 250 ኒውተን ሜትር ሆኖ ከ1,800 ዙር ጀምሮ ይገኛል። ያነሰውን አየር ቱርቦው ስለሚያካክስለት ከፍታው እንደ ቤንዚኖቹ አይጎዳውም።

ታዲያ 100 የፈረስ ጉልበት ለሐረጎ ያንሳል? አያንስም። ሰውና ዕቃ ጭና 1,600 ኪሎ የምትመዝን መኪና በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚያስፈልጋት 20 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። መኪናዋ የምትንገታገተው ጉልበቱ በዝቅተኛ ዙር ስለማይገኝ ነው። የፈረስ ጉልበት ማለት ቶርክ በዙር ተባዝቶ በ7,000 ሲካፈል የሚመጣው ነው። ሞተሩ በ1,800 ዙር 110 ኒውተን ሜትር ቢሰጥ 28 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ያውም ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ። በ3,000 ዙር 125 ቢሰጥ ግን 53 ይሆናል። ስለዚህ ከኮምቦልቻ ስትወጡ በአራተኛ ማርሽ ፔዳሉን ከመጨቆን ማርሽ ቀንሳችሁ ሞተሩን ከ2,500 እስከ 3,500 ዙር ባለው መካከል አቆዩት። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ጉዳት አይደለም። ጉዳቱ በዝቅተኛ ዙር እያቃሰተ መውጣቱ ነው፤ ብሮንዚኑን (የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚዞርበትን ልባስ) የሚያስጨንቀው ያ ነው።

ሲወርዱም እንዲሁ። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ሲነሳ፣ ዙሩ ወደ ሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ ወደሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) እስኪጠጋ ድረስ ኢንጀክሽኑ ነዳጅ ይዘጋል። በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳያስገባ፣ የሚለቅ ሰው ግን ሞተሩን በሚኒሞ ለማቆየት ነዳጅ ያቃጥላል፣ ፍሬኑንም ያግላል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ መውረድ በዚህ መኪና ላይ ነዳጅም አይቆጥብም፣ ሕይወትም ለአደጋ ያጋልጣል።

ኮምፕሬሽን ሲለካ የሚፈጸመው ስሕተት

ብዙ ብር ያለ አግባብ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ኮምፕሬሽን መለኪያው ጌጅ የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው፤ የሚለካው ደግሞ የተሳበው አየር ታምቆ የሚፈጥረውን ነው። አየሩ ሲያንስ ንባቡም ያንሳል። ለ3ኤስ ጤናማ የሚባለው ከ12 እስከ 13 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር ሲሆን ዝቅተኛው ወሰን 10 ኪሎ ነው፤ በፒኤስአይ 142 ማለት ነው። ያው ጤናማ ሞተር ደሴ ላይ ሲለካ የሚሰጠው ከ9 እስከ 9.7 ኪሎ ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ከ9.6 እስከ 10.4 ይሆናል። መጽሐፉን ይዞ ደሴ ላይ የሚለካ መካኒክ አራቱንም ሲሊንደር ከወሰኑ በታች ያገኛቸዋል፤ "ፋሻ በልቷል፣ ሞተር ይውረድ" ይላል። አልዋሸም፤ ቁጥሩን አልመነዘረም።

ከፍታ የማይነካው መለኪያ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከ1 ኪሎ መብለጥ የለበትም። 9.4፣ 9.5፣ 9.3፣ 9.4 ያነበበ ሞተር ደሴ ላይ ጤነኛ ነው። 9.5፣ 9.4፣ 7.1፣ 9.3 ያነበበው ግን ሦስተኛው ሲሊንደር ታሟል።

አለካኩም ራሱ ንባቡን ያበላሻል። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። ኢንጀክሽኑና እሳቱ ከሥራ ውጪ ይሁኑ። አራቱም ካንዴላ ይፈታ፤ አንዱን ብቻ ፈትቶ መለካት ሞተሩን ስለሚያከብደው ዙሩ ይወርዳል። ባትሪው ሙሉ ይሁን። አንድ ሰው የነዳጅ ፔዳሉን እስከ ታች ይርገጥ፤ ይህ ከተረሳ አየር መግቢያው ስለሚዘጋ ንባቡ ያለ ምክንያት ይወርዳል። ከዚያ መርፌው መውጣት እስኪያቆም ሞተሩ ይዙር። ዝቅ ያለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። ንባቡ ከፍ ካለ የተበላው ፋሻ ወይም ሲሊንደሩ ነው። ካልተነቃነቀ ቫልቭ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው የቴስታታ ጋስኬቱ ተቃጥሏል።

ቫልቭ ከተጠረጠረ ቴስታታ ከመፍታት በፊት ክፍተቱ ይለካ። ሞተሩ በቀዘቀዘበት የማስገቢያው ከ0.19 እስከ 0.29፣ የማስወጫው ከ0.28 እስከ 0.38 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የሚስተካከለው ውፍረቱ በሚለያይ ክብ ብረት ነው። የማስወጫ ቫልቭ ቦታው ላይ እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፤ ድምፅ ስለማያሰማ ማንም አያየውም፣ ቀስ በቀስ ግን ቫልቩ ሳይዘጋ ቀርቶ ይቃጠላል። ሞተሩ "ጭጭ" ስላለ ደህና ነው ማለት አይደለም።

ውሃው ለምን ቀድሞ ይፈላል?

ደሴ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አሁን የሞተሩን ቁጥሮች አስቡ። ቴርሞስታቱ (ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ውሃ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውና የሚዘጋው) መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ሙሉ ለሙሉ የሚከፈተው 95 ላይ ነው። የ3ኤስ የራዲያተር ቬንቲላተር (ማቀዝቀዣ ፋን) የሚነሳው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ ማለት ራዲያተሩ ግፊት መያዝ ካልቻለ፣ ደሴ ላይ ውሃው ቬንቲላተሩ ሳይነሳና ቴርሞስታቱ ሙሉ ሳይከፈት ይፈላል። ሞተሩ ምንም ሳይበላሽ ማለት ነው።

ይህን የሚከላከለው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ላዩ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር አለው፤ ከውጭው አየር በላይ ያን ያህል ባር ግፊት እስኪደርስ ዘግቶ ይይዛል ማለት ነው። ደህና ክዳን ያላት መኪና ደሴ ላይ ውሃዋ የሚፈላው 114 ዲግሪ አካባቢ ነው። በአንድ ክዳን 22 ዲግሪ ተገኘ። ክዳኑን ገልብጡና ጎማውን እዩ፦ ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ፣ ወይም የራዲያተሩ አፍ ጥርስ አውጥቶበት ከሆነ ይቀየር። መሃሉ ላይ ያለችውን ትንሿን ክብ በጥፍር ሳብ ስታደርጓት ተከፍታ መልሳ መግጠም አለባት። እሷ ከተጣበቀች ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃው ከመጠባበቂያው አይመለስም፤ ጠዋት የላይኛው ቱቦ ተጨምድዶ ታገኙታላችሁ። አዲስ ስትገዙ ስፋቱ ገጠመ ብላችሁ አትውሰዱ፤ ቁጥሩን አንብቡ። ሞተሩ ትኩስ እያለ ግን ክዳኑን በፍጹም አትክፈቱ። ውስጡ ያለው ውሃ ከመቶ ዲግሪ በላይ ሊሆን ስለሚችል ግፊቱ ሲለቀቅ ፊት ላይ ይፈነዳል።

"ሞቀብኝ" ሲባል ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው። በብርቱ እንቃወመዋለን። ደሴ ጠዋት ቀዝቃዛ ናት፤ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቶሎ አይሞቅም። ኮምፒውተሩ ገና ቀዝቃዛ መስሎት ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ካንዴላ ይጠቁራል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ዘይቱን ያቀጥነዋል። ቁልቁለቱን ስትወርዱ ደግሞ ሞተሩ እንደገና ይቀዘቅዛል። ዋናው ችግር ራዲያተሩ መደፈኑ፣ የውሃ ፓምፑ ወይም ክዳኑ ከሆነ ቴርሞስታቱን ማውጣት በሽታውን መሸፈን ብቻ ነው። ራዲያተሩም የቧንቧ ውሃ ብቻ አይሞላበት፤ የደረቀ ጨው ያበጃል፣ ያዝጋል። ፀረ ዝገት ያለበት ኩላንት ግማሽ በግማሽ ይጨመርበት።

ቺንጋና ቼይን

3ኤስ ታይሚንጉ (ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ተናበው እንዲሠሩ የሚያደርገው) በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ ነው፤ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። መቼ እንደተቀየረ ካልታወቀ፣ ጊዜው እንዳለፈ ቁጠሩት። ደስ የሚለው፣ ይህ ሞተር ቺንጋው ሲበጠስ ፒስተንና ቫልቩ አይጋጩም፤ መኪናዋ ትቆማለች እንጂ ቴስታታው አይጠፋም። ያው ቺንጋ የውሃ ፓምፑንም የዘይት ፓምፑንም ያዞራል። ስለዚህ ሲቀየር የውሃ ፓምፑ፣ መወጠሪያውና መመሪያው ተሽከርካሪ አብረው ይቀየሩ፤ የካምሻፍቱ፣ የኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) እና የዘይት ፓምፑ የዘይት ማገጃ ጎማዎችም እንዲሁ። አንዷ ጎማ ዘይት ካንጠባጠበች አዲሱ ቺንጋ ጊዜው ሳይደርስ ያብጣል፣ ጥርሱ ይላጣል።

1ዜድዜድና ሁለቱ ኤዜዶች ቼይን ስላላቸው በኪሎ ሜትር የሚቀየር ቺንጋ የለባቸውም። ቼይኑ ግን የሚኖረው በንጹሕ ዘይት ነው፤ ረዝሞ ጥርስ ከዘለለ ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ። ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ከቼይኑ በኩል የሚንኳኳ ድምፅ ምልክቱ ነው። የ1ዜድዜድ የቀደሙት ምርቶች ሌላ የታወቀ ችግር አለባቸው፦ ፒስተኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለሆኑ በካርቦን ይደፈናሉ፣ ሞተሩም ዘይት ይበላል። ሰማያዊ ጭስ ሳይታይ እንኳ ዘይቱ ይጎድላል፤ ስለዚህ መለኪያው በየሳምንቱ ይታይ።

ኤዜዶቹ ላይ ይበልጥ መፈራት ያለበት የቴስታታ ቡሎን ነው። ብሎካቸው አሉሚኒየም ነው። ከኋላ በኩል ያሉት ቡሎኖች የሚታሰሩበት ክር ከሙቀት ብዛት ይለቅና ቴስታታው ይላላል። ውሃ በኋላ በኩል ስለሚያንጠባጥብ ከፊት ኮፋኖ ከፍቶ ለሚያይ አይታይም። ጋስኬት ቀይሮ ቡሎኑን መልሶ ማጥበቅ አይበቃም፤ ክሩ ተቦርቡሮ የብረት ክር ይግባበት። የ3ኤስ ብሎክ ብረት ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም። የእሱ ቴስታታ ቡሎን ከመሃል ወደ ዳር በቅደም ተከተል በ49 ኒውተን ሜትር ታስሮ፣ ከዚያ ሁሉም 90 ዲግሪ ይጨመርበታል። በእጅ ግምት የሚሠራ አይደለም፤ ቶርክ ቁልፍ የሌለው ጋራዥ ይህን ሥራ ባይጀምረው ይሻላል።

እሳቱና ወደ ቆላ መውረድ

የቀደሙት 3ኤሶች ዲስትሪቢውተር (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍል) ስላላቸው እሳቱ በእጅ ሊዞር ይችላል። ትክክለኛው መነሻ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 10 ዲግሪ በፊት ነው፤ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ፣ ምርመራ ሶኬቱ ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ሁለት ቀዳዳዎች በሽቦ ተገናኝተው በታይሚንግ መብራት ይታያል። ሽቦው ካልተገናኘ ኮምፒውተሩ እሳቱን እያንቀሳቀሰ ስለሆነ የምታዩት ቁጥር ውሸት ነው። ደሴ ላይ እሳቱን ገፋ ማድረግ፣ ማለትም ቀደም ብሎ እንዲነሳ ማድረግ፣ ጉልበት የሚጨምር ይመስላል፤ አየሩ ቀጭን ስለሆነም አያንኳኳም። ያው መኪና ግን ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ስትወርድ አየሩ ወፍራም፣ ሙቀቱም ከፍተኛ ይሆናል። ያኔ ዳገት ላይ ፔዳል ሲረገጥ ሞተሩ እንደ ብርጭቆ ጠጠር ይንኳኳል፣ ፒስተኑንም ይበሳል። የማንኳኳት ሴንሰሩ ያግዛል፣ ሁሉንም ግን አያድንም። 10 ላይ ተዉት። የካንዴላው ክፍተት 1.1 ሚሊ ሜትር ይሁን።

ከፍታውን ራሱ ኮምፒውተሩ ያስተካክላል። 3ኤስ ላይ የአየር ግፊት የሚለካ ሴንሰር አለ፤ በቀጭን ጎማ ቱቦ ከአየር ማስገቢያው ጋር ይገናኛል። ያቺ ቱቦ ከተሰነጠቀች ኮምፒውተሩ አየሩን የበዛ መስሎት ቤንዚን ያበዛል፤ ጥቁር ጭስ፣ የቤንዚን ሽታ፣ የማይረጋጋ ሚኒሞ ይመጣል። ኢንጀክሽን ከመፍታት በፊት ቱቦዋን ከሁለቱም ጫፍ ነቅላችሁ አጠፍ አድርጋችሁ እዩ።

ለመግዛት የምታዩ ከሆነ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ባልተነሳበት ጠዋት ድረሱ፤ ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ቅጠሩ። ኮፋኖውን ከፍታችሁ የራዲያተሩን ውሃ ሙላት ተመልከቱ፣ የመጠባበቂያው ውሃ የደረሰበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ወደ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ በሐረጎ ተመልሳችሁ ውጡ፤ ደሴ ስትደርሱ ሞተሩን ለአሥር ደቂቃ በሚኒሞ ተዉትና ቬንቲላተሩ ተነስቶ መልሶ እስኪጠፋ ጠብቁ። ከዚያ አጥፍታችሁ ሙሉ ለሙሉ እስኪቀዘቅዝ ቆዩ፤ ውሃው ምልክታችሁ ላይ ካልተመለሰ የጎደለው በየት እንደሄደ ሳይታወቅ ብር አትክፈሉ።